ጋሽ ይመርና የገብስማው ዶሮ ላባ

ጋሽ ይመር የሞቱ ዕለት ከሚሴ ውስጥ ስለ እሳቸው የሰማሁት ሁሉ መልካም መልካሙን ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቆርቆሮው ተገኘ።

ያገኙት ከአልጋቸው ሥር ነው። አራት ማዕዘን የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ የነበረው ሥዕል በእጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል። ከገጠር የመጡት እህታቸው የሟችን ልብስ ለሰደቃ ሲለዩ አገኙትና ሰው ወደተቀመጠበት ድንኳን ይዘውት ወጡ። "ይቺ ደግሞ ምን ትሆን?" ብለው ከፈቱት።

ላባ። ቀይ ላባ፣ ጥቁር ላባ፣ ከሁሉም የበዛው ደግሞ ገብስማ ላባ። አንዳንዱ በጥቁር ክር ታስሯል፤ አንዳንዱም ከሥሩ ጥፍር የምታህል ሹል ብረት ወጥታበታለች።

"አዑዙ ቢላህ!" አለች ከሴቶቹ አንዷ።

"ያኔም ይባል ነበር እኮ" አለች ሌላዋ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ። "ዝም ብለን ነው እንጂ።"

የጋሽ ይመር እህት ቆርቆሮውን እንደ እባብ ለቀቁት። "ይቃጠል! ዛሬውኑ ይቃጠል! ወንድሜን አፈር ካለበሳችሁት በኋላ ስሙን አታልብሱብኝ!" ብለው አዲስ ለቅሶ ጀመሩ።

እኔ ሻይ እያደልኩ ነበር። ያቺ ሴትዮ "ይባል ነበር" ያለችው ወሬ ከማን እጅ እንደተወለደ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከእኔ እጅ ነው።

ከወንዶቹ ወገን አባቴ ሲነሳ አየሁት። ምን እንዳደረገ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ግን ጋሽ ይመርን ማወቅ አለባችሁ።

ጋሽ ይመር የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጠመኔውም፣ መጥረጊያውም፣ ኳሱም፣ የዓለም ካርታውም ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ ሁልጊዜ መርፌ ተሰክቷል። ሰው ሲያስብ ጢሙን ይዳስሳል፤ እሳቸው ግን መርፌያቸውን ነው የሚዳስሱት። ሰላምታቸው አያልቅም። "አካም ጅርታ ፋጤ? ነገያ? ቤት ሰላም ነው? አባትሽ ሰላም ነው? ማሽኑስ ሰላም ነው?" ይሉኛል። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት ማሽን ደኅንነት የሚጠይቅ ሰው በሕይወቴ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

አስተማሪ ልኮን ጠመኔ ልንወስድ ስንሄድ ሁሌ አንድ ጥያቄ አላቸው።

"ይመለሳል?"

"ጋሼ፣ ጠመኔ እኮ ያልቃል!"

"ያለቀውን መች አልኩሽ? የቀረውን ነው የምልሽ።"

እውነትም የስንዴ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ስንመልስላቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያኖሯታል። እኛ እንስቅባቸዋለን፤ እሳቸውም ከእኛ ጋር ይስቃሉ። ቁራጩ ግን ሣጥን ይገባል።

የተፈጥሮ ክበቡን የያዙትም እሳቸው ነበሩ። አስተማሪዎቹ ጊዜ የለንም ሲሉ፣ "እኔ ቁልፍ አለኝ፣ ቦታ አለኝ፣ ጊዜም አለኝ" አሉና ንብረት ክፍሉ ውስጥ በተሰበሩ ዴስኮች መሃል ሰበሰቡን። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አሥራ አንድ ነበርን። ስለ ዛፍ ይነግሩናል፣ ስለ ወፍ ይነግሩናል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግን ወሬው ምንጊዜም ወደ ዓሣ ይዞራል።

በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ ለዓሣ አጥማጆች ዕቃ ይሸከሙ ነበር። እዚያ ትራውት የሚባል የብርድ ውሃ ዓሣ አለ።

"ትራውት ኩሩ ነው" ይሉናል። "ትል አይወድም፣ ሊጥ አይወድም። ውሃ ላይ የምታርፍ ዝንብ ነው የሚሻው።"

"ታዲያ ዝንብ ይዛችሁ መንጠቆ ላይ ትሰኳላችሁ?"

"ዝንብ እንሠራለን እንጂ! በላባና በክር።"

ከላባ ሁሉ ደግሞ ዋናው የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው አሉን። ጥቁሩና ነጩ ስለተሰባጠረ ውሃ ላይ ሲቀመጥ የሚንቀጠቀጥ ክንፍ ይመስላል። እርግጥ የእኛው ወንዝ ቦርከና ውስጥ ትራውት የለም፤ ውሃው ይሞቃል። አምባዛ አለ፤ ጢም ያለውና ሆዱ ወርቅ የሚመስል ሌላ ዓሣም አለ። የእኛ አገር ሰው ይሄንን በትል ነው የሚያጠምደው። ጋሽ ይመር ግን "ጢማሙም ላባ ይበላል" ብለው ከባሌ ባመጡት ዘንግ ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ ብቻቸውን ወንዝ ይወርዳሉ።

"ይዘው ያውቃሉ?" እንላቸዋለን።

"ይዤ አውቃለሁ።"

"የታለ?"

"መለስኩት።"

እንግዲህ ይሄን ማን ያምናል? ጥበቃው ሳይቀር "ይመር ለዓሣ ዶሮ ይቀልባል" እያለ ይቀልድ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በእኛ አገር ገብስማ ዶሮ የሚፈልግ ሰው አዋቂ ቤት ሄዶ የታዘዘለት ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ጋሽ ይመር ደግሞ በሰንበቴ ገበያ አውራ ዶሮ እየያዙ የአንገቱን ላባ በጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው አይተው፣ ሳይገዙ ይመልሱ ነበር። ሻጮቹ ምን እንዳሰቡ መገመት አያቅትም። ይሄ ሁሉ ግን ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ እሳት ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የአዳር ጉዞ ሊኖረን ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ፈተናው አልቆ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦርከና ሳይደፈርስ፣ ወንዙ ዳር ወዳለው የጨፋ ሜዳ ወርደን አንድ ሌሊት አድረን ልናጠምድ። ጋሽ ይመር "ገብስማ ላባ ወድቆ ካገኛችሁ አምጡልኝ" አሉን። ወድቆ ካገኛችሁ ነው ያሉት። እኔ ግን ከሁሉ ቀድሜ ልሰጣቸው ቸኮልኩ። ጎረቤታችን እቴ ዘሀራ ሹሙ የሚባል ገብስማ አውራ ዶሮ ነበራቸው፤ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። በማሽላ አታልዬ ያዝኩትና ከአንገቱ ዘጠኝ ላባ ነጨሁ። በመንቆሩ ወግቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር መብቱ ነው። ላባዎቹን ያኑ ዕለት ለጋሽ ይመር ወስጄ ሰጠሁ።

በማግሥቱ የእቴ ዘሀራ ጩኸት ሰፈሩን አነቃው።

"ኡኡ! የዶሮዬን አንገት ተመልከቱልኝ! ዶሮው አለ! እንቁላሉ አለ! ጫጩቱ አለ! ላባ ብቻ ነው የተወሰደው! ላባ ብቻ የሚወስድ ሌባ አይደለም፣ መተተኛ ነው!"

እናቴ ደረቷን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። "ያ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ገብስማ ላባ አምጡ ብሎናል አላልሽም ትናንት?"

ብዬ ነበር። እራት ላይ፣ በደስታ። ነገር ግን "የነጨሁት እኔ ነኝ" በማለት ፈንታ ደብተሬን አንስቼ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ዙህር ሳይሰገድ ከተማው ሁሉ ጋሽ ይመር መተተኛ መሆናቸውን አወቀ። በሳምንቱ ክበቡ ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወረደ። እኔም ክበቡ ውስጥ የቆየሁት ማሽኑ ላይ ተደፍቶ የሚውለው አባቴ ወሬ የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ስለሆነ ነው። ሲሰማ የጉዞውን ፈቃድ ወረቀት አጥፎ መቀሱ ሥር ከተተው።

"ከዚያ ሰውዬ ጋር? ያውም አዳር? ጤና የለሽም?"

ጋሽ ይመር ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሱቃችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም። ማሽኑ ሰላም ነው?"

"ማሽኑ ሰላም ነው" አለ አባ ቀና ሳይል። "ሰላም ያጣው ሰዉ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ውሸት ነው አይሉም?"

"ብልህ ታምነኛለህ?"

አባ ማሽኑን አቆመ።

"አታምነኝም" አሉ ጋሽ ይመር። "ስለዚህ ና፣ አብረኸን እደር። ዓሣ ላባ ከበላ ያየኸውን ለሰው ተናገር። ካልበላ ሱቅህ በር ላይ ቆመህ ይመር መተተኛ ነው በል፤ እኔም ቁልፉን አስረክቤ እህቴ አገር እገባለሁ።"

"እርስዎ ይቀልዳሉ።"

"ለሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ቁልፍ ነው። በሱ አልቀልድም።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። በኔ የተነሳ ጋሽ ይመር ከከሚሴ ሊወጡ ነው። ያን ጊዜም፣ አስቡት፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣሁም።

ጉዞው ላይ እኔ፣ ጓደኛዬ ሐያት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ጋሽ ይመርና አባ ነበርን። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን፤ ከዚያ በማሽላው መሃል በእግር ወረድን። አባ ከኋላ ይከተላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን አያተል ኩርሲ እየቀራ ነው። ጋሽ ይመር ዳቦ ሲያድሉን "ጾመኛ ነኝ" አለ። ፀሐይ ሳትገባ ግን ከኔ ቦርሳ ቆሎ ሲዘግን አይቼዋለሁ። ጾም ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ጨፋ በሰኔ ያምራል። ከቆላ የመጡት የአፋር ከብቶች ገና አልተመለሱም፤ ሳሩ ውስጥ ቀንዳቸው ብቻ ይታያል። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ውሃው ሰፋ ብሎ ጸጥ ይላል። እዚያ ነው ዘንጋችንን የፈታነው፤ የእሳቸው ከባሌ፣ የእኛ ከሸምበቆ።

"ጅራፍ ታውቃላችሁ አይደል?" አሉን። "አወራወሩ እንደሱ ነው። ግን እንዳይጮኽ። ጅራፉ ከጮኸ ዓሣው ሰምቷል፣ እኛም እራት የለንም።"

ወረወሩ። ክሩ ከራሳቸው በላይ ተዘርግቶ፣ ተመልሶ፣ ዳግመኛ ተዘርግቶ ላባዋ ውሃው ላይ እንደ አቧራ አረፈች። አፋችንን ከፍተን አየን። ዓሣ ግን አልመጣም። እንደገና ወረወሩ። አልመጣም። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘቀዘቀች፤ ውሃው ላይ እዚህም እዚያም ቀለበት ይሠራል፣ ዓሦቹ እንዳሉ ያስታውቃል፣ የእሳቸውን ላባ ግን ዘለው ያልፏታል። አባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዴ ዓሦቹን አንዴ እሳቸውን ያያል።

"ላባ አልወደዱም" አለ።

"ይቺን ላባ አልወደዱም" አሉ ጋሽ ይመር። ሌላ አወጡ። ገብስማዋን። ክሩን በመንጠቆዋ ቀዳዳ ሊያስገቡ ሞከሩ፣ ሳቱ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። ሁለተኛ ሞከሩ፣ ሳቱ። በሦስተኛው አባቴ አልቻለም። ልብስ ሰፊ ሆኖ ሰው ቀዳዳ ሲስት ማየት እንዴት ይቻለዋል!

"ያምጡት ባክዎ" ብሎ ተነሳ። ክሩን በከንፈሩ አረጠበ፣ ባንዴ አስገባ። ከዚያ ግን አልመለሰላቸውም። ላባዋን ወደ ዓይኑ አስጠጋት። ገለበጣት።

"ይቺን ማን ሰፋት?"

"እኔ።"

"በእጅ?"

"በምን ልስፋት፣ በማሽን?"

"ቋጠሮው የታለ?"

"ከውስጥ ነው።"

"ከውስጥ እንዴት ይገባል?" አባ ጥፍሩን በክሩ ላይ እያሄደ ፈለገ፣ አላገኘውም። ድንገት ቆም አለ። "ይሄ ክር የኔ ሱቅ ክር ነው።"

"ያንተ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ክር ስገዛህ ምን የምሰፋበት መስሎህ ነበር?"

"ሱሪዎን ነዋ!"

"ሱሪዬን ስድስት ዓመት?"

ሐያት ሳቋ አመለጣት። አባም ሊስቅ ሲል እንደምንም ዋጠው፤ መተተኛ ጋ አይሳቅም።

መግሪብ ደረሰ። ዓሣ አልተያዘም። ከወንዙ ከፍ ብሎ የጋሽ ይመር ወዳጅ የሆነ ገበሬ ቤት አለ፤ እኔና ሐያት ከሚስቱ ጋር እዚያ ልናድር ነው፣ ወንዶቹ ደጅ። ሌሎቹ ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ጋሽ ይመር ክራቸውን እየጠቀለሉ ነበር።

"ጋሼ፣ የእቴ ዘሀራን ዶሮ የነጨሁት እኔ ነኝ።"

እጃቸው ወደ ኮሌታቸው መርፌ ሄደ። "አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ያመጣሽው ላባ ሥሩ ላይ ደም ነበረው። ወድቆ የተገኘ ላባ ሥሩ ነጭ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? መተተኛ ሲሉዎት?"

"የዶሮ አንገት በሁለት ወር ላባ ያበቅላል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስም ግን ከተነጨ ቶሎ አይበቅልም። የኔ ስም ሸምግሏል፣ ቢነጩትም እምብዛም አይበርደው።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። "ነገ ዓሣው ባይበላስ?"

"ቃሌን እጠብቃለኋ።"

"ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ?"

ዘንጋቸውን አነሱ። "አንቺን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። የወሰድሽው ይመለሳል?"

"ላባ እንዴት ይመለሳል ጋሼ?"

"ላባውን መች አልኩሽ?" አሉኝ። "የቀረውን ነው የምልሽ።"

ከሱብሂ በኋላ ወደ ወንዙ ስንወርድ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ነበር። ጋሽ ይመር ሁለት ጊዜ ወረወሩና ትከሻቸውን ያዙ።

"ደከመኝ" ብለው ዘንጉን ወደ አባ ዘረጉት። "አንተ የማሽላ ጠባቂ ልጅ አልነበርክም? ጅራፍ ታውቃለህ።"

"እኔ? ኧረ እኔ..."

"መተቱ ዘንጉ ላይ የለም፣ ያዘው።"

አባ "ቢስሚላህ" ብሎ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ እንደሚያቃጥል ነገር። አንዴ ወረወረ፣ ክሩ እግሩ ላይ ተጠቀለለ። ሳቅን። ዳግመኛ ወረወረ። በሦስተኛው አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ። ክርኑ ጎኑ ላይ ተጣበቀ፣ አንጓው ላላ፣ ክሩ ከኋላው እስኪዘረጋ ጠበቀ። ያባቴን ልጅነት በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማሽላው ውስጥ ማማ ላይ ቆሞ ጅራፍ የሚያዞር ልጅ። ገብስማዋ ላባ ጉሙን አልፋ ውሃው ላይ አረፈች። ተንቀጠቀጠች።

ውሃው ተከፈተና ላባዋ ጠፋች።

"ያዘኝ!" ብሎ ጮኸ አባ። "ወላሂ ያዘኝ! ጋሽ ይመር፣ ያዘኝ!"

"አትጎትት! ክር ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም! ልቀቅለት! አሁን ሳብ! ልቀቅለት አልኩህ!"

"ልልቀቀው ወይስ ልሳበው?"

"ሁለቱንም!"

አባ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገባ፣ በጫማው። ከብዙ ትግል በኋላ ዓሣው ሳሩ ላይ ወጣ፤ ክንድ ያህላል፣ ሆዱ ወርቅ ነው፣ ጢሙ ይርገበገባል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ገብስማዋ ላባ ተሰክታለች። አባ ተንበረከከና እንደ ልብስ ስፌት አፉን ከፍቶ መረመረው።

"ትል የለም" አለ። "ሊጥ የለም። ላባ ነው። ሱብሐነላህ፣ ላባ ነው!"

እኔም አልቻልኩም። ደስታው ይሁን ለቅሶው ምን እንደገፋኝ አላውቅም። "አባ! ላባው የእቴ ዘሀራ ዶሮ ነው! የነጨሁት እኔ ነኝ!"

ዓሣው ሳሩን በጅራቱ ይመታል።

"አንቺ?" አለ አባ።

"እኔ።"

"ይሄን ሁሉ ቀን ዝም ብለሽ? እኚህ ሰውዬ እየተሰደቡ?"

አባ ወደ ጋሽ ይመር ዞረ፤ እሳቸው ግን ወደ ዓሣው እያመለከቱ "ይመለሳል?" አሉት፣ ምንም እንዳልሰሙ።

"ይሄማ አይመለስም ጋሽ ይመር" አለ አባ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ይሄ ምስክር ነው።"

ሲስቁ አየኋቸው። "እንግዲያው የቀረውን መልስ" ብለው ላባዋን ከዓሣው ከንፈር ፈትተው በኮቱ ኮሌታ ላይ ሰኩለት።

ከሚሴ እንደገባን አባ ወደ ቤት አላስገባኝም። በርጥብ ጫማው፣ ዓሣውን በገመድ አንጠልጥሎ፣ እኔን በትከሻዬ ይዞ በቀጥታ እቴ ዘሀራ በር ላይ አቆመኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። እቴ ዘሀራ ጆሮዬን ይዘው እስኪቀላ ጠመዘዙት፤ ከዚያ ዓሣውን አዩ።

"ለዶሮዬ አንገት ዓሣ? ዓሣ በልቼ አውቃለሁ እንዴ?"

ቢሆንም አልመለሱልንም። አንጀቱን አውጥተው ለሹሙ ወረወሩለት። ሹሙ በተገለጠ አንገቱ ሮጦ መጣና ለቀም አደረገው።

"ብላ" አሉት። "እሱ ላባህን በልቷል፣ አንተም እሱን ብላ!"

እቴ ዘሀራ ወሬውን እንደነዙት ሁሉ እውነቱንም ለመንዛት የሰነፉ አይደሉም። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ገበያው ሁሉ ሰማ። ክበቡም በአዲሱ ዓመት ሞላ። ግን ወሬ ባጃጅ ተሳፍሮ ሲሄድ እውነት በእግሯ ነው የምትከተል፤ ሁሉ ቤት አትደርስም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት አባና ጋሽ ይመር ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ አብረው ወንዝ ይወርዱ ነበር። ክሩን የሚያስገባላቸው አባ ነው። ያንን ከውስጥ የሚገባ ቋጠሮ አሳዩኝ እያለ ይለምናቸዋል፣ ያሳዩታል፣ ይስታል፣ እንደገና ያሳዩታል።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ የተነሳው ይሄ አባቴ ነው።

በሴቶቹ መሃል "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ አልፎ ቆርቆሮውን ከመሬት አነሳ። አንዲት ገብስማ ላባ መርጦ ሰው ሁሉ እንዲያያት ከፍ አደረጋት።

"ይሄ መተት አይደለም" አለ። "የዓሣ ማጥመጃ ነው። ክሩ የኔ ሱቅ ነው። ላባው የእቴ ዘሀራ ዶሮ ነው። ቋጠሮው ግን የጋሽ ይመር ነው። ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።"

የኮቱን ኮሌታ ገለበጠ። ሦስት ዓመት የኖረችው ላባ እዚያው አለች፣ አንድ ጎኗ በዓሣው አፍ ተልጣ።

የጋሽ ይመር እህት ዕንባቸውን ጠረጉ። "ታዲያ... አይቃጠል?"

"አይቃጠልም።"

"ዶሮዬ ይመስክር" አሉ እቴ ዘሀራ ከጥግ። ለቅሶ ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ይመር ቢኖሩ መርፌያቸውን ይዘው አብረውን ይስቁ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ቆርቆሮው አሁን ሱቃችን ውስጥ ከማሽኑ አጠገብ ነው። ባለፈው ሳምንት እቴ ዘሀራ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡና እጄ ላይ አኖሩት። ገብስማ ላባ ነው፣ የሹሙ ልጅ ላባ።

"ሥሩን እዪ" አሉኝ። "ደም የለበትም። ወድቆ ነው ያገኘሁት።"

ሥሩን አየሁ። ነጭ ነበር።

ሰኔ እየመጣ ነው፤ ዘንድሮ ክበቡን ወደ ጨፋ ይዤ የምወርደው እኔ ነኝ። አባ ሦስት ቀን አምሽቶ አንዲት ዝንብ ሰፋ። ትንሽ ጠመም ትላለች። ቋጠሮዋን በጥፍሬ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። አባ ፊቱ በራ። መዳፌ ላይ አኖራትና ጣቶቼን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ።

"ይመለሳል?" አለኝ።